አሥራ ሁለተኛው የበረዶ ቅርጫት

ወላሂ ብያለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከፈለጋችሁ ቁርአን አስጨብጡኝ። አውቃለሁ፣ «ዶሮዬ የድመት ግልገል ፈለፈለች» ብዬ ሦስት መንደር ደጄ ላይ ያሰለፍኩ ሰው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል የተባረርኩትም በአስተማሪያችን ሻይ ውስጥ እንቁራሪት ስለጨመርኩ ነው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው።

እኛ ባልቲዎች፣ በማይቀልጥ የበረዶ ግግር ሥር የምንኖር ተራራማ ሕዝብ፣ በረዶ እናጋባለን። ወንዱ በረዶ ጥቁርና ድንጋያም ነው፤ ውኃውን ይሰስታል። ሴቷ ነጭ ሰማያዊ ናት፤ ውኃዋ አይነጥፍም። ምንጭ ሲደርቅ ከሁለቱም ቆርጠን፣ ፀሐይ በማያየው ዋሻ ውስጥ በከሰልና በገለባ ሸፍነን እንቀብራቸዋለን። ከያዘላቸው ያድጋሉ፤ በዓመታት ውስጥ ውኃ ይሰጣሉ። ቅርጫቱ ግን መንገድ ላይ መሬት ከነካ በረዶው ይሞታል። በረዶው ከተጫነ ጀምሮ እስኪቀበር ድረስ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቃል ከተነፈሰም ይሞታል። ተሸካሚዎቹ ደግሞ አሥራ ሁለት ወንዶች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምንጫችን ደረቀ። አፕሪኮት የሚባለው የፍሬ ዛፋችን ቅጠሉ ገና በሐምሌ ረገፈ። የመንደሩ ሽማግሌ አፖ ታቂ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «በዚህ መኸር በረዶ ካላጋባን መንደሩን ለቀበሮ ትተን ሜዳ እንወርዳለን» አሉ። ጎረምሶቹ ሁሉ ለሥራ ከተማ ገብተዋል። መሸከም የሚችል ወንድ ሲቆጠር ልክ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ያውም እኔን ጨምሮ።

አሥራ ሁለተኛውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ኢስማኢል ጣሪያው ላይ አፕሪኮት ሲያሰጣ የድብ ቆዳ ለብሼ ከኋላው ብቅ አልኩ። ሰውዬው እንደ ወፍ በረረ፤ ሲያርፍ ግን እንደ ወፍ አላረፈም። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። እህቱ ፊዛ አይታኛለች።

ፊዛ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በየቀኑ ከታች ከወንዙ የአራት ሰዓት ዳገት ውኃ ተሸክማ ትወጣለች፤ ለእናቷ፣ ለወንድሟና ለአራት የአፕሪኮት ዛፎቿ። በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ ቆመች።

«ድቡ ቤት አለ?»

«የምን ድብ?»

«ሮዚ፣ አትቀልድብኝ። ከአልጋህ ሥር እግሩ ወጥቷል።»

«እኔን አፈር ይብላኝ ፊዛዬ፣ ለጨዋታ ብዬ እኮ…»

«ወንድሜ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። አሁን አሥራ አንድ ናችሁ። ለአፖ ታቂ ልንገራቸው ወይስ ትረዳኛለህ?»

«ምን ላድርግልሽ?»

«የኢስማኢልን ካባ ለብሼ እሸከማለሁ። ኢስማኢል ተሽሎታል፣ ጉሮሮውን ግን አሞታል በል። ከኋላዬ ሁን፤ ማንም እንዳይጠጋኝ።»

«አብደሻል እንዴ? ሴት ከተሸከመችው በረዶው ይሞታል!»

«አሥራ አንድ ሰው ከተሸከመውስ?»

«ያው… ይሞታል።»

«ታዲያ ምን ቀረብህ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሁለቱ ዛፎች ደርቀዋል፤ ይድረቁ። ሜዳ ከወረድን ግን እናቴ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው። አንተም ታውቃለህ።»

አውቅ ነበር።

ስድስቱ ወደ ወንዱ በረዶ ሄዱ፤ እኛ ስድስታችን፣ አፖ ታቂን ጨምሮ፣ ወደ ሴቷ ወጣን። ብርዱ ሁሉንም እስከ ዓይኑ ጠቅልሎታል። ፊዛ ሰው በተጠጋት ቁጥር ትስላለች፤ እኔ «ጉሮሮው ነው፣ ጉሮሮው» እላለሁ። ጎህ ሲቀድ በረዶውን ቆርጠን ቅርጫታችንን አዘልን፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፍ ተዘጋ። እኔ ዝም ስል! ምላሴ አብጦ ጥርሴን ሊገፋ ደረሰ፤ አገጬን በገመድ አሰርኩት።

የገመዱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ነፋሱ የፊዛን ጥምጣም ወሰደው። ጉንጉን ጸጉሯ እስከ ወገቧ ወረደ።

አፖ ታቂ ዞረው አዩ። ዓይናቸው ከግንባራቸው ወጥቶ ተመለሰ። ጎረቤቴ ሚርዛ አፉን ከፈተ፤ አየር ሳይስብ እፍኝ ደረቅ አፕሪኮት ከነዘሩ ጎሰጎስኩበት። በንዴት እያለቀሰ አኘከ። አፖ ታቂ በትራቸውን ወደ ታች ጠቆሙ፤ ተመለሺ ማለታቸው ነው። ፊዛ ራሷን ነቀነቀች። ደግመው ጠቆሙ። አልፋቸው ሄደች። ምን ያድርጉ? ቢገፏት ቅርጫቱ ይወድቃል፤ ቢጮኹ በረዶው ይሞታል። ስድቡ ሆዳቸው ውስጥ ሲፈላ ከኋላ ይሰማኝ ነበር።

ናዳ ያፈረሰው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሁሉም ነገር አለቀ አልኩ። ኮረቱ ከእግራችን ሥር ይፈስሳል፤ በግራ በኩል ገደል ነው። አፖ ታቂ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቀስ እያሉ፣ እንደሚሰግድ ሰው ወደ ኋላ ተቀመጡ። ቅርጫታቸው መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ፊዛ በክርኗ ተደፍታ ከሥሩ ገባች። የሳቸው በረዶ በሷ ቅርጫት ላይ አረፈ። ስትጮህ አየሁ፤ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ተነሣች። እንዴት እንደተነሣች አትጠይቁኝ። የሳቸውን ቅርጫት በደረቷ አንጠለጠለች፣ የራሷን በጀርባዋ። አንድ ጫማዋን ናዳው ይዞት ወረደ። ከዚያ በኋላ በረገጠችበት ሁሉ ደም ነበር። እኛ እያየን፣ እያለቀስን፣ አንድ «አይዞሽ» እንኳ ሳንላት ተከተልን።

ዋሻው ጋ ስድስቱ ቀድመውን ደርሰዋል። ጉንጉኑን ሲያዩ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በረዶውን አጋባን፤ ከሰል፣ ገለባ፣ ውኃ የሞሉ ቅሎች፣ በላዩ ድንጋይ። አሁን መናገር ይቻላል። ሁሉም ግን አፖ ታቂን ያያል። ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ተጠጓት። ፊዛ ፊቷን በእጇ ከለለች።

«አንቺ!» አሉ። ዓይናቸው እግሯ ላይ ወደቀ። «ጫማሽስ?»

«ናዳው ወሰደው፣ አፖ።»

ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አውልቀው ሰጧት። «እናንተስ ምን ትገተራላችሁ? እግሯን እሰሩላት እንጂ!»

በመጀመሪያው በጋ ውኃ አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። ሚርዛ፣ «ሴት ነክታው ነው! አፌን ባይጠቀጥቁት ኖሮ እናገር ነበር!» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። «ብትናገር ኖሮ በረዶው ያኔውኑ ይሞት ነበር» ብዬ ብመልስለት ማን ይስማኝ? ዘጠኝ ቤት ተዘግቶ ወደ ሜዳ ወረደ። የፊዛ እናት በሁለተኛው ክረምት አረፈች፤ ቢያንስ እዚሁ፣ አልጋዋ ላይ። ለቀብር የመጣነው ሰባት ነበርን። ፊዛ ግን በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ገለባ አዝላ ወደ ዋሻው መውጣቷን አላቆመችም።

በአራተኛው በጋ ጠራችኝ። «ሮዚ፣ ና እጅህን እዚህ አግባ።»

አስገባሁ። ቀዝቃዛ ነው። የአውራ ጣቴን ያህል የሚወፍር ውኃ ከገለባው ሥር ይወርዳል። ለመንደር አይበቃም። ለሁለት ዛፍ በቃ።

ዘንድሮ የታችኛው መንደር ሰዎች በረዶ ሊያጋቡ መጥተው፣ «ያቺ ባለ ሁለት ቅርጫቷ ሴት የት ናት?» ብለው ጠየቁ። ፊዛ ልትሸከምላቸው ሁለት ሴቶች አስከትላ ወረደች።

ይኼ ሁሉ እውነት ነው አልኩ፤ ነውም። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። አፖ ታቂ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አይሟገቱኝም ብዬ ነው። ናዳው ላይ ጉልበቱ የከዳው እሳቸው አይደሉም። እሳቸው ጭነታቸውን እስከ ዋሻው አድርሰዋል። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ዋሻው ድረስ፣ ባዶ ጀርባዬን ይዤ፣ ደሟን እየረገጥኩ የተከተልኳት እኔ ነኝ።