ከመርዶው በፊት የመጣ ፍተሻ

አቀስታ መውጫ ላይ እማማ እናኑ እጃቸውን ዘርግተው ሲያስቆሙኝ፣ አይቼ እንዳላየሁ ላልፍ ነበር። እግሬ ግን ፍሬኑን ረገጠው። በዚያ ብርድ የጎረቤቴን እናት ጥዬ ብሄድ መካነ ሰላም ላይ የሚምረኝ ሰው የለም። ሚኒባሱ ሞልቶባቸው ነው የቀሩት። ከምነዳው አይሱዙ መቀመጫ ጀርባ የልጃቸው የፈይዛ ልብስ በነጭ አቡጀዲ ተሰፍቶ እንደተቀመጠ በምን ያውቃሉ?

ፈይዛ ጅዳ ከሞተች ሳምንት አልፏታል። የተቀበረችውም እዚያው ነው። ልብሷን ጓደኛዋ ደሴ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ፣ እኔም ለአጎቷ ለሸህ ይማም ላደርስ ቃል ገባሁ። መርዶው ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይነገራል ተብሏል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው፣ በገዛ ቤታቸው። እስከዚያ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሸሁ አስምለውናል።

እማማ እናኑ ገና በሩን ሳይዘጉ ስለ ልጃቸው ጀመሩ።

"ስልኳ እኮ አይነሳም። ቻርጅ አድርጊ ስላት መች ትሰማኛለች! ለረመዳን እመጣለሁ ብላኛለች፤ ከደሴ የምታመጣት አንተው ነህ።"

"ኢንሻአላህ" አልኩ። ስዋሽ ፊቴ ያስታውቃል፤ ሬዲዮውን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ማርሹን ሳያስፈልግ ቀየርኩ። ሲሚንቶ የጫነው መኪና ዳገቱ ላይ ሲያቃስት እሳቸው "ቀስ በል ልጄ" ይሉኛል። እንዴት ብዬ ቀስ ልበል? ከጎናቸው መቀመጡ ራሱ እያቃጠለኝ ነበር። ቶሎ አድርሻቸው ከመኪናው ወርጄ ብቻዬን ማልቀስ ነበር የፈለግኩት።

መካነ ሰላም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሯል። ስማቸው የሚባል ሳጅን መጥቶ በሩን አንኳኳ።

"ውረድ።"

"ሸራውን ልግለጥልህ?"

"ሸራውን ተወው። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ምንድን ነው?"

"የሰው አደራ።"

"ፍታው።"

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ ፍታው ሲሉኝ እጄ ይታሰራል። በሾፌሮች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንዲት ጠበቃ የነገረችን ትዝ አለኝ።

"ሳጅን፣ የጠረጠርከውን ንገረኝ። ማወቅ መብቴ ነው። የሚፈተሽ ከሆነም እኔ ባለሁበት፣ ታዛቢ ቆሞ፣ ቢሮ ውስጥ ይሁን። መንገድ ላይ የሰው ዕቃ አይዘረገፍም።"

"መብት!" ብሎ ሳቀ። "ንጹሕ ሰው እኮ መብት አይቆጥርም።"

"ንጹሕ ሰው ካልቆጠረው ማን ሊቆጥረው ነው?"

ከኋላችን መኪናው ተደርድሮ ጥሩምባው ይጮሃል። ሳጅኑ ለባለመኪናው ደውል አለኝ። ደውዬ ነገሩን ነገርኩት። የባለመኪናው የአስናቀው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ኬላውን ሞላው።

"መኪናዬን ለምን ታስቆምብኛለህ? ፍታለት! እኔ ራሴ በገባህ ቁጥር ጋቢናህን አልበረብርም?"

መበርበሩንማ ይበረብራል፤ ብርድ ልብሴን ሳይቀር ያራግፋል። እስከ ዛሬ ችዬው ኖሬያለሁ።

"ጋሼ፣ መኪናው የርስዎ ነው። አደራው ግን የርስዎ አይደለም።"

"እንግዲያው ስትገባ ቁልፉን አስረክብ!" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሥራዬ እዚያው ኬላ ላይ አለቀ። እሱም አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ እማማ እናኑ ወደ ኋላ ዞረው ጥቅሉን ማየት መጀመራቸው ነው።

"ልብስ አይደል እንዴ? ምን ያስፈራል ልጄ፣ ፍታላቸውና እንሂድ። የፈይዛም ዕቃ ሲመጣልኝ እንዲሁ ተሰፍቶ ነው" አሉና እጃቸውን ሰደዱ።

"እንዳይነኩት!" ብዬ ጮህኩ።

እማማ እናኑ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። እኚህ ሴት በልጅነቴ ከልጆቻቸው ጋር እኩል ያበሉኝ ናቸው። አፈርኩ።

ጩኸቴ ሳጅኑን ይበልጥ አስጠረጠረው። ክንዴን ያዘና "እሺ፣ እንዳልከው ቢሮ ይሁን" አለ። ከኋላ ከቆሙት ሾፌሮች አንዱን ለታዛቢነት ጠርተን ጥቅሉን ይዤ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ገባን። በሩ እንደተዘጋ ነገርኩት።

"ልጅቱ ዐረብ አገር ሞታለች። ልብሷ ነው። መኪናው ውስጥ ያሉት እናቷ ናቸው። ገና አልተረዱም።"

ሳጅኑ ጥቅሉን ከእጄ ቀስ ብሎ ተቀበለኝ። ሥራ ነውና ስፌቱን ግን ተረተረው። ሁለት ጥቁር አባያ፣ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ቅባት፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነሳለት፣ ለእናቷ የገዛችው ሻርፕ። ሌላውን አላገላበጠም። ልብሱን መልሶ አጠፈና ከኪሱ መርፌና ክር አውጥቶ ራሱ ሰፋው፤ ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፣ ክሩ ሁለቴ አመለጠው። ታዛቢው ሾፌር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ስንወጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ምክንያቱን ጠይቄ፣ በታዛቢ ፊት አስፈትሼ፣ ምሥጢሩንም ጠብቄ ወጣሁ። የቀረኝ ሰፈር ማድረስ ብቻ ነው።

ሳጅኑ ቀድሞኝ ወደ መኪናው ሄደ። ስላጉላላቸው ሊክስ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ቆቡን አውልቆ የእማማ እናኑን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ አለ።

"እናቴ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት" አላቸው።

"አሚን" አሉ እማማ እናኑ፣ እንደ ልማዳቸው።

ወሎ ላይ ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ ሐዘንተኛ ፊት ሲቆም ጽናቱን ለመመኘት ሌላ ምን ይላል? አፉ የለመደውን ነው የተናገረው። ወዲያው ገብቶት እጃቸውን ሲለቅ አየሁ።

"ሰብር?" አሉ እማማ እናኑ ቀስ ብለው። "ሰብር ለምን?"

ሳጅኑ መሬት መሬቱን ያያል። እሳቸው ከሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደታቀፍኩት ጥቅል ተመለከቱ።

"ጠልሐ፣ ልጄ ናት?" አሉኝ።

ጥቅሉን ሰጠኋቸው። ከኋላ የተደረደሩት መኪናዎች ጥሩምባቸውን አላቆሙም። ሳጅኑ ቆቡን እንደያዘ ወደነሱ ሮጠ፤ ዝም እንዲሉ በየመስኮቱ እየቆመ ይለምናቸው ጀመር።