የማንኩሳው ገመድ

የቲያትር ማኅበሩ ፍኖተ ሰላም ላይ አራት ዓመት ከተጫወተ በኋላ ድጎማው ተቋረጠ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነበር። በሳምንቱ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ሰባቱ ቡሬ ገብተው በርበሬ መጫን ጀመሩ። የቀሩት አራቱ ከአዛውንቱ ከተስፋው መሰንቆ በቀር ሰው የሚጠራ ነገር አልነበራቸውም።

የማኅበሩ መሪ እንዳለው ይባላል፤ ስድስት ዓመት ቡዳፔስት ቲያትር ተምሮ የተመለሰ ነው። ከመጣ ጀምሮ፣ የተማረው ለዚህ አገር ይረባ እንደሆነ ራሱን ሳይጠይቅ ያደረበት ቀን የለም።

«ሰው ካልመጣልን እኛ እንሄዳለን» አለ። «ቅዳሜ፣ ማንኩሳ ገበያ። ሜዳውን በገመድ እናጥርና መግቢያው ላይ ስሙኒ እናስከፍላለን።»

ተስፋው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። አዝማሪ ነው፤ በማንኩሳ ዙሪያ እሱ ያላጫወተው ሰርግ የለም።

«ገመዱ ይቅር፣ ልጄ።»

«ለምን፣ አያ ተስፋው?»

«ገበሬው መሬታችንን ለክተው ግብር ሊቆልሉብን ነው እያለ ጠመንጃ ሲወለውል ነው የከረመ። ዘንድሮ ገመድ ማየት አይወድም። መሰንቆ ከሰማ ደግሞ ራሱ ከቦ ይቆማል።»

«ቆሞ አይቶ ይሄዳላ! ይህ ቅዳሜ ካልሆነልን እኮ ማኅበሩ አለቀለት።»

ዘፋኟ ካሰች ሳቀች። «ይተዉት፣ አያ። ባሕር ማዶ ያስተማሩት አጥር ማጠር ነው።»

ሳቋ እንዳለውን ቆረቆረው። ገመዱን ይዞ ሄደ።

ቅዳሜ ጧት፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ከገበያው ዳር ካለ ማሳ አጠገብ አራት ችካል ተከለ። የገመዱን ጫፍ ካሰችን አስያዛትና ሌላውን እየጎተተ እርምጃውን ቆጠረ። ስንት ሰው እንደሚይዝ ለማወቅ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

«ኧረ ቀላድ ጣሉብን!» አለች አንዲት ሴት ከበርበሬ ተራ።

ቀላድ የመሬት መለኪያው ገመድ ነው። ቃሉን የሰማ ሁሉ የሚሰፍረውን እህል ጥሎ ተነሣ። እንዳለው ቀና ሲል ሽመል የያዘ ሰው ወደ እሱ ይሮጣል። ስለ ቲያትር ሊያስረዳ ደብተሩን እንደያዘ ወደ ፊት ራመድ አለ።

ተስፋው በመካከል ገባ። «ጎበዝ፣ እኛ አጫዋቾች ነን! እኔ ተስፋው ነኝ!» እያለ መሰንቆውን በግራ እጁ ከፍ አደረገ።

ለእንዳለው የተሰነዘረው ሽመል የተስፋውን ግራ እጅ ከነመሰንቆው ሰበረው።

የመታው ሰው ዓለምብርሃን ይባላል። ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሰው ፊት አየና ሽመሉ ከእጁ ወደቀ።

«ተስፋው? የኔን ሰርግ ያጫወትኸው?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ከነዚህ ጋር ምን ልትሠራ?»

«ምን ልሥራ? እንጀራ ፍለጋ ነዋ።»

ከሰዉ መካከል አንድ ወጌሻ ቀርቦ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። «ሁለቱ ይጠገናሉ» አለ። «ሁለቱ ግን ከእንግዲህ አይታዘዙም።» ዓለምብርሃን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ተስፋውን አለበሰው፤ ሌላ የሚያደርገው ጠፋው። ካሰች የመሰንቆውን ስብርባሪ በነጠላዋ ትሰበስባለች።

ገበያው ተፈታ። የተስፋውን ስም የሰማ ሁሉ እየመጣ ቆመ፣ ከኋላ ያለው በፊተኛው ትከሻ ላይ እያሰገገ። አዳራሹ በነበረበት ዘመን እንኳ እንዳለው ይህን ያህል ተመልካች አይቶ አያውቅም።

ተስፋው ዙሪያውን ተመለከተና ዓይኑ እንዳለው ላይ አረፈ።

«ይኸው፣ ራሱ ከቦ ቆመ» አለ።

እንዳለው ችካሎቹን ሊነቅል ዞረ፤ ማለፊያ ግን የሰጠው ሰው አልነበረም።