አራት ምስክርና አንድ ክብ

መምህርቷ ዕድሜ ሳትለይ በምታስተምረው የቅዳሜ የሂሳብ ክፍል ውስጥ ትልቁ ተማሪ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ትንሿ ደግሞ ሁሉም ሚጢጢ የሚላት የአሥር ዓመት ልጅ። ዳኛው አንዴ መናገር ከጀመሩ የሚያስቆማቸው የለም። ሚጢጢ ግን ከመጣች ጀምሮ ከአፏ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ እናቷ መጥታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬም አፍ አውጥታ ካልተናገረች እኩዮቿ ዘንድ እወስዳታለሁ» ብላለች። «ከትልልቅ ሰው ጋር ተደባልቃ ይኸው ዝም ብላ ልትቀር ነው።»

መምህርቷ ልጅቷን ማጣት አልፈለገችም። ሚጢጢ አንድ ነገር ከመጻፏ በፊት ወረቀቱን እያዟዟረች መመርመሯ መምህርቷን ደስ ያሰኛታል። እንዲህ ያለ ተማሪ ተፈልጎ አይገኝም።

የዕለቱ ጥያቄ ለአፍ ቀላል ነው። ክብ ሣሉ፤ ጠርዙ ላይ ነጥቦች አድርጉ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በቀጥታ መስመር አገናኙ፤ ሦስት መስመር ግን አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ። ክቡ ስንት ቦታ ተከፈለ? በሁለት ነጥብ ሁለት፣ በሦስት አራት፣ በአራት ስምንት፣ በአምስት አሥራ ስድስት ሆነ።

«በስድስትስ?» አለች መምህርቷ።

«ሠላሳ ሁለት!» አሉ ዳኛው እርሳስ ሳያነሱ። «በእጥፍ ነው የሚሄደው። አራት ምስክር ቀርቦ አንድ ቃል ሰጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«እስኪ ሣሉት» አለች መምህርቷ። ሠላሳ ሁለት የሚያስብለውን ወጥመድ ያጠመደችው ራሷ ናት። መልሱን ብትነግራቸው እሷን ያምኗታል፤ እሷ ደግሞ እንዲያምኗት አይደለም የምታስተምረው።

በወንበሮቹ መሀል ስታልፍ የሚጢጢን ወረቀት አየች። ልጅቷ በየክፋዩ ቁጥር ሞልታ ከታች 31 ብላ ጽፋለች። መምህርቷ በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት።

ዳኛውም ከጎን አንገታቸውን አስግገው አዩ። «አንዷን ዘለሻል የኔ ልጅ፤ ደግመሽ ቁጠሪ።»

ሚጢጢ ደግማ ቆጠረች። ዞር ብላ እናቷን አየች። ከዚያ 31ን በላጲስ አጥፍታ 32 ጻፈች። መምህርቷ ይህን አየች። መልሱን አለመናገሯ መልካም መስሏት እዚህ ድረስ ልጅቷን ብቻዋን ትታታለች።

«አባባ፣ የእርስዎስ ስንት መጣ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሠላሳ ሁለት።»

«ያሉትን አይደለም፤ የቆጠሩትን ነው የምጠይቅዎት።»

ዳኛው ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ሰው መሆናቸውን ክፍሉ ሁሉ ስለሚያውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ጠበቀ። የቆጠሩበትን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

«ሠላሳ አንድ» አሉ በመጨረሻ። «ያረጀ ዓይኔን ጠርጥሬ ሠላሳ ሁለት አልኩ።»

«እኔም ሠላሳ አንድ ነበር ያገኘሁት!»

የሚጢጢ ድምፅ ነው። ቀጭን ይሆናል ብለው የገመቱ ሁሉ ተሳስተዋል፤ ወፍራም ነው።

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?» አለቻት መምህርቷ።

«አባባ ስላሉኝ።» ትንሽ አሰበች። «ግን ሠላሳ አንዱንም ገና አላመንኩም። ሁለታችንም ተሳስተን ቢሆንስ? ሳይቆጠር እንዴት ነው የሚታወቀው?»

መምህርቷ ጠመኔዋን አነሳች። ዓመቱን ሙሉ ይህን የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ነበር።

እናትየው ከኋላ ተነስታ የልጇ ወረቀት ላይ አጎንብሳለች፤ በጣቷ ክፋዮቹን አንድ፣ ሁለት ትላለች።

«እማ!» አለች ሚጢጢ የእናቷን እጅ ገፋ አድርጋ። «አትቁጠሪው! መቁጠር አይበቃም እያልኩ እኮ ነው!»