ብሎን የሌለው ኮምፒውተር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮምፒውተር መሸጫው ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኙ፣ ሚስቱ፣ ልጃቸው ሚጡ እና አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለው ሻጭ። ጠጋኙ ጥግ ላይ የነበረውን ኮምፒውተር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጀርባውን በጣቱ ይዳብስ ነበር። ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ከዚያ እንደገና ከታች ወደ ላይ።

«ብሎኑ የት ነው?» አለ።

«የለውም ጋሼ። ኦል ኢን ዋን እኮ ነው። ሁሉም ነገር እዚሁ ስክሪኑ ውስጥ ነው ያለው። ሳጥን የለ፣ የገመድ ጋጋታ የለ። አንድ ሶኬት ይሰኩና ጨረሱ።»

«እሱስ ገብቶኛል። ሲበላሽ በየት በኩል ይከፈታል ነው የምልህ።»

«ለምን ይበላሻል?»

ጠጋኙ ቀና ብሎ አየው። እስከ ዛሬ ቤቱን ያኖረው የማይበላሽ ዕቃ አለመኖሩ ነበር።

«አየሽ፣» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ካሜራው ቢሄድ ስክሪኑም አብሮ ይወሰዳል። ስክሪኑ ቢሄድ ሁሉም ሄደ። እንዲህ አጣብቀው ሠርተውት ማን ይነካዋል?»

«አንተ ደግሞ ሳይገዛ ታስታምመዋለህ» አለችው።

ጠጋኙ በሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» ነው የሚባለው። የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ቃል ነው። ቆይ፣ ልየው። ቆይ፣ ዕቃ ላፈላልግለት። ቆይ፣ ነገ ብቅ በል። ሚጡ መስማት የማትችል ልጅ ብትሆንም ቃሉ አላመለጣትም። ለአባቷ ራሷ ያወጣችለት የምልክት ስም ወደ ፊት የተዘረጋ መዳፍ ነው፤ መንገድ ላይ መኪና እንደሚያስቆም ሰው።

«ድምፁን ላሰማዎት?» አለ ሻጩ፣ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ እንዳይሄድ ፈርቶ።

ሙዚቃ ከፈተ። ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፣ በእጁም ጨምር፣ ቀንስ እያለ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማው። ከገቡ ወዲህ ፊቱ የተፈታው ያኔ ነበር።

«ድምፁስ ጥሩ ነው» አለ። «እውነቱን ለመናገር ለዚህ ቅጥነቱ በጣም ጥሩ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንኳ አይንቀጠቀጥም።»

ሚስቱ ክንዷን አጣምራ ታየው ነበር። «ለማን ነው የሚዘፍነው?» አለችው።

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ዕቃን ሁሉ በጆሮው ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ጆሮው ቀድሞት ሄዶ ነበር። ሻጩ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ሙዚቃውን አጠፋ።

«ሚጡን ካሜራው ፊት አቁሚያት» አለ ጠጋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሚጡ ራሷን በትልቁ ስክሪን ላይ ስታይ ሳቀች። ከዚያ በእጆቿ መናገር ጀመረች፤ እንደ ልማዷ ፈጠን ፈጠን አድርጋ። ጥቂት ቆይታ ቅንድቧን ሰበሰበች። እጇን አዘገየች፣ ደግማ አፈጠነች፣ ወደ እናቷም ዞራ አንድ ነገር አሳየች።

«ምን አለች?» አለ ሻጩ።

«እጄ ጅራት አለው አለች።»

እውነቷን ነበር። እጇ በፈጠነ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ይከተለዋል፤ ጣቶቿ ተደበላልቀው ጓንት ያጠለቀች ያስመስሏታል። ሻጩ ማውዙን ይዞ ይህንንም ያንንም ነካካ፤ ጅራቱ ግን አልጠፋም።

«ለቪዲዮ ጥሪ እኮ ይበቃል» አለ። «ሰው የሚያሳየው ፊቱን ነው።»

«የእኛ ሰው እጁን ነው የሚያሳየው» አለች እናትየው።

«እንግዲያው ቆይ» አለ ጠጋኙ። ይህን ሲል ደረቱን ቀለል አለው፤ ቀለል ስላለውም አፈረ። «ትንሽ እንጠብቅ። የተሻለ ይመጣል።»

«መምጣቱን ይመጣል» አለ ሻጩ። «ይሄ ዋጋ ግን ሰኞ አይገኝም። አዲስ ዕቃ ሲገባ በአዲስ ዋጋ ነው። ከድሮው የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፤ ኋላ አልነገረኝም እንዳይሉ።»

መንገድ ላይ ሚጡ በመሃላቸው ሆና እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሄዱ። ባልና ሚስቱ በእሷ አናት ላይ ነበር የሚነጋገሩት።

«ጅራቱን ስታይ ደስ አለህ» አለችው።

«ማን? እኔ?»

«አንተ ነህዋ። ፊትህን አላውቀውም?»

«እኔ የምልሽ የሚፈታ ዕቃ ይሁን ነው። ቤት ያለው እኮ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።»

«እንግዳው?» አለችና ሳትፈልግ ሳቀች።

እንግዳው ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠ የኮምፒውተር ቀፎ ነው። ጠጋኙ ከዚህም ከዚያም በለቀማቸው ዕቃዎች ኮምፒውተር ሊገጣጥም የጀመረው የሚጡ የፊት ጥርስ የወለቀ ሰሞን ነበር፤ ጥርሱ በቅሎ አድጓል። መጥቶ አልሄድ ስላለ ሚስቱ እንግዳው አለችው።

«የሚጡ አባት፣» አለች ሳቋን ትታ፣ «ልጅቷ ያልገባትን ሁሉ እሺ ማለት ጀምራለች። ይሄን አይተኸዋል?»

አይቶታል። የሚጡ መምህር ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ የምልክት ቋንቋ ትምህርቱ በእናትየው ስልክ በቪዲዮ ጥሪ ነበር። ስልኩ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ የመምህሯ እጅ የአውራ ጣት ጥፍር የማያህልበት። ሚጡ መጀመሪያ ዓይኗን ታጠብብ ነበር፤ ደግሚልኝም ትል ነበር። አሁን መምህሯ ስትጠይቃት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። መምህሯም ነቅታባታለች። ሰኞ አዲሱ ትምህርት ሲጀመር በደንብ መተያየት ካልቻሉ ሚጡን ከጀማሪዎቹ ጋር እንደምታደርጋት ነግራቸዋለች። ጀማሪዎቹ ገና የቀለም ስም የሚማሩ ሕፃናት ናቸው። ሚጡ ከአባቷ ትከሻ ልትደርስ ነው።

የፋብሪካው አውቶቡስ መጣ። እናትየው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ዛሬ የከሰዓት ተራ ነበረች።

«ገንዘቡ ስልክህ ላይ ነው» አለች አንድ እግሯን አውቶቡሱ ላይ አድርጋ። «ግዛ አልልህም፣ አትግዛም አልልህም። ሰኞ ጠዋት ግን ስልኩ ፊት የምታስቀምጣት አንተ ነህ። ራሷን ስትነቀንቅ እያየህ አብረህ ነቅንቅ።»

በሩ ተዘጋ።

ቤት እንደገቡ ጠጋኙ ወንበር ላይ ወጥቶ እንግዳውን አወረደው። አቧራውን እፍ አለና ሰካው። ማራገቢያው ትንሽ ዞረ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። ነቅሎ ሰካው። ይባስ ብሎ ጨርሶ አልዞር አለ። ተነስቶ እስከ በሩ ሄደና ተመለሰ። ካቻቢቴውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳና ለምን እንዳነሳው ረሳው። ስክሪን ቃል ለገባለት ወዳጁ ደወለ።

«ቆይ እስቲ» አለው ወዳጁ። «በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቦታ ልይልህ።»

ጠጋኙ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ። ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱም አንድ ነው፤ ከሥሩ የጠጋኙ የሥራ ጠረጴዛ አለ። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች፣ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ በየቆርቆሮው የተለየ ብሎን፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ ትልቅ ቴሌቪዥን። የቀረው የክፍሉ ቦታ በቀትርም ደብዘዝ ያለ ነው። ሚጡ ትምህርቷን የምትከታተለው እዚያ፣ አልጋው ግርጌ ተቀምጣ ነበር።

አሁን ግን ጠረጴዛው ጋ ቆማለች። ጠጋኙ ከኋላዋ አያት። በሞተው ቴሌቪዥን ጥቁር መስታወት ውስጥ ራሷን እያየች በእጆቿ ታወራለች። ለማን እንደምታወራ አላወቀም። እጆቿ ይበርሩ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ግን ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣና ካሜራውን ከፈተ። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ቀጥዪ አላት። መስኮቱ ጋ እጇ ጥርት ብሎ ታየ። አልጋው ግርጌ አስቀመጣት፤ ጭሱ መጣ። መልሶ መስኮቱ ጋ አቆማት፤ ጭሱ ጠፋ። የሥራ መብራቱን ወደ አልጋው ጎትቶ አበራባት፤ ግማሽ እጇ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ግማሹ ጥላ ዋጠው፣ ሚጡም ዓይኗን በክንዷ ሸፍና ተቆጣችው። አጠፋው።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ሻጩ ዕቃውን ያስቀመጠው ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ነበር።

ጠጋኙ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የእሱ በሆነው፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር። ይህን ቤት ሲከራይ ከመስኮቱ ሌላ ያየው ነገር አልነበረም፤ ጣሪያው ማፍሰሱን እንኳ የጠየቀው ከገባ በኋላ ነው። ዓይኑ እንደ ድሮው ስላልሆነ ከዚህ ቦታ ርቆ ቀጭን ሽቦ አይለይም። ተነሳ። ሄደ፤ ተመለሰ። ሬዲዮዎቹን አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ገፋቸው። ወዴትም ቢገፋቸው ለሁለት የሚበቃ ቦታ አልነበረም። ሚጡ አንገቷን አዘንብላ ታየው ነበር። ከዚያ መዳፏን ወደ ፊት ዘርግታ ስሙን ጠራችውና በሌላው እጇ ጠየቀችው፤ ምን ጠፋብህ?

ጫማዋን አቀበላት።

ሱቁ ሲደርሱ ሻጩ ሊዘጋ የበሩን መጋረጃ ግማሽ አውርዶ ነበር።

«ጋሼ! ተመለሱ እንዴ?»

«ወደ በሩ አምጣው።»

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን ነዋ። እዚህ መስታወቱ ጋ።»

«ገመዱ አይደርስም እኮ።»

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለና ከቦርሳው ማራዘሚያ አወጣ።

ሻጩ እያጉረመረመ ተሸክሞ አመጣው። መጋረጃውን መልሰው ከፍ አደረጉት፤ የከሰዓቱ ብርሃን ገባ። ሚጡ ስክሪኑ ፊት ቆመች። መጀመሪያ ያለችው የአባቷን ስም ነበር፤ መዳፏን ወደ ፊት ወረወረችው። አምስቱም ጣቶች ለየብቻ ታዩ። ደገመችው፣ ከዚያ ፍጥነቷን ጨመረች። ጅራት ፈልጋ አጣች።

«ይኸው!» አለ ሻጩ። «ብርሃን ነው ያጣው። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አለዎት?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ሰው ተቀምጦበታል።»

«ያስነሱታላ ጋሼ።»

ጠጋኙ ስክሪኑን አየ። ልጁ ለማታውቃት ሴት ሰላምታ እንደምታቀርብ ሁሉ ቀጥ ብላ ቆማ ታወራለች፤ ራሷን አንዴም አልነቀነቀችም።

«አዎ» አለ። «ይነሳል።»

ስልኩን አውጥቶ ከፈለ። ሻጩ ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ እየከተተ ሳለ ጠጋኙ ለመጨረሻ ጊዜ ጀርባውን ዳበሰው።

«ሲበላሽ ማን ጋ ነው የሚወሰደው?»

«ሰፈራችሁ ጠጋኝ የለም?»

«አንድ አለ» አለ ጠጋኙ። «ግን ቆይ ማለት ያበዛል።»

እሁድን ሙሉ ሬዲዮዎቹን ወደ ደጅ ሲያወጣ ዋለ። ለጠረጴዛ የሚሆን ሲያጣ የእንግዳውን ሆድ ዕቃ አራገፈና ቀፎውን ገልብጦ ደጅ፣ በሩ አጠገብ አቆመው። ሚስቱ የእሁዱን ተራ ጨርሳ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነበር።

«እንግዳው ወጣ?» አለች።

«ወጣ።»

ደጁ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ሰብስባ አልጋው ሥር አስገባችለት።

ሰኞ ጠዋት ትምህርቱ ተጀመረ። ሚጡ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መምህሯን ሁለት ጊዜ ደግሚልኝ አለቻት። ጠጋኙ ደጅ ሆኖ የጎረቤት ሬዲዮ ይፈታ ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ዝናብ መጣ። ጃንጥላ ዘረጋና ብሎኑን መፍታት ቀጠለ።