የዘንዶ ጀግና

በሰኔ፣ በአውስትራሊያ ክረምት፣ የዌሪቢው መጋዘን ሱለይማንን ከሥራ ቀነሰ። በሐምሌ የሱለይማን ወገብ ተያዘ። በነሐሴ የማሞቂያው ሂሳብ ናረና ማሞቂያው ተዘጋ። ቤት ውስጥ ሙቀት የቀረው በእባቡ የመስታወት ሳጥን ብቻ ነበር። ሱለይማን ወንበሩን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ።

እባቡ የልጅ ልጁ የኢናስ ነው፤ ፈቃድ የወጣለት የዘንዶ ግልገል፣ ከጫማ ማሰሪያ ብዙም የማይረዝም። ዓይናፋር ነው። ቤቱ ግን ለዓይናፋር አይመችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ሙሽራ እየወጣ ሰላም እንዲል ተደረገ። ዙሃራ፣ የኢናስ እናት፣ የበላው ሳይፈጭለት "በሞቴ፣ አንድ አይጥ ጨምሪለት" አለች። አይጡን መልሶ ተፋው። በማግስቱ የኢናስን ጣት ነከሰ።

"በቃ" አለች ዙሃራ። "ጋሼ ተኽላይ እባብ ያውቃሉ። የዛሬ ወር ይምጡና ይያዙት። ከነከሳቸው ወደ ሻጩ ይመለሳል።"

"ስትሬስ ሆኖ ነው እኮ!" ኢናስ አለቀሰች።

ሱለይማን ሲያይ ከርሟል። "ከላይ የሚመጣ እጅ ለሱ ጭልፊት ነው" አላት። "አንቺንስ ጣሪያ ከፍተው ቢያነሱሽ?"

ሳጥኑን በጨርቅ ሸፈነ። እንግዳ ከለከለ። ሽታውን እንዲለምድ ለብሶት የዋለውን ሸሚዝ ውስጥ አኖረለት። ሁለት ሳምንት አልነካውም። ከዚያ እጁን ከጎን አስገብቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ ዝም አለ። የበላ ለታና ማግስቱን ይተወዋል። አንድ ቀን ምላሱ ጣቱን ነካች። በአራተኛው ሳምንት መዳፉ ላይ ወጥቶ ተጠመጠመ።

የሱለይማን የስደት ጓደኛ ተኽላይ ለሠላሳ ዓመት በየሰርጉ አንድ ታሪክ ያወራል፤ ገዳሪፍ በስደት ሳሉ እባብ ጎጆአቸው ገባ፣ ሱለይማን ሮጦ በሩን ከውጭ ዘጋ፣ ተኽላይ ግን በጫማው ቀጥቅጦ ገደለው። የሆነው ግልባጩ ነው። ሮጦ የዘጋው ተኽላይ፣ ውስጥ የቀረው ሱለይማን። ማንም ማንንም አልገደለም። ሱለይማን ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እባቡም በራሱ ጊዜ ሄደ። ግን ወደ አውስትራሊያ ያመጣው የተኽላይ ዋስትና ስለሆነ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ተኽላይም ይህን ስለሚያውቅ የታሪኩ እባብ በየዓመቱ አንድ ክንድ ይረዝማል።

ወሩ ሲሞላ፣ እሑድ ቀን፣ ተኽላይ መጣ።

"እንዴት ነህ፣ በር ዘጊው!" አለ እንደ ልማዱ።

"ጋሼ ተኽላይ፣ ይያዙታ" አለች ኢናስ።

"ይሄን? ይሄ ትል ነው እንጂ እባብ ነው እንዴ!" እጁን ሰደደ፤ ከላይ።

"ከጎን" አለ ሱለይማን።

እባቡ ከሱለይማን መዳፍ ላይ ራሱን ቀና አድርጎ ምላሱን አወጣ። ሌላ ምንም አላደረገም። ተኽላይ ግን የለም። ወንበር ወደቀ፣ ስኒ ተሰበረ፣ በሩ ድርግም አለ። ኢናስ ልትከፍት ሞከረች፤ እጀታው ከውጭ ተይዟል።

ዙሃራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እባቡስ ጨዋ ነው። ይቀመጥ።"

ሱለይማን ወደ በሩ ተጠጋ። "ተኽላይ፣ በሩን ማን ዘጋው?"

"የዛሬውን ነው?"

"የገዳሪፉን።"



"እኔ ነኝ" አለ ተኽላይ።

"ዙሃራ አልሰማችም።"

"እኔ ነኝ አልኩ እኮ! አንተ ውስጥ ነበርክ። እኔ ነኝ የዘጋሁት!"

ሱለይማን እባቡን ወደ እጅጌው አስገባ። "እንግዲህ እጀታውን ልቀቅና ግባ" አለው። "ምሳ እየቀዘቀዘ ነው።"