የጥቁሩ ካርድ ካርቶን

«ቆይማ» አለ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ የስልኩን መብራት ጥቁሩ ግራፊክስ ካርድ ላይ እያበራ። «የገመድ መውጫዎቹን አንዴ ልያቸው።»

«ከገባህ ጀምሮ እያየሃቸው ነው። አልበዙም፣ አላነሱም» አለችው ባለሱቋ።

እውነቷን ነው። በዚህ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ቆይማ» ነው የሚሉት። ለሰው ኮምፒውተር ሲገጥም እኮ የሚያክለው የለም፤ ደንበኛው የሚበጀውን ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ይለያል፣ ይገጥማል፣ ዘግቶ ይሸኛል። ለራሱ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል። አንዱን ሲያነሳ ሌላው ያምረዋል፣ ሌላውን ሲያነሳ ገና ያልመጣው ይታየዋል። ገዝቶ እንኳ አይቆርጥለትም፤ «ምናልባት ከመለስኩት» ይልና ካርቶኑን ቁምሳጥን ላይ ይከምረዋል። ክምሩ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ዛሬ ብቻውን አልመጣም። እናቱ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቀኝ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገች በኋላ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከባድ መኪና የለም» አላት፤ እሷም ቁልፏን አስረክባ ቤቷ ገባች። መግባት ነው እንግዲህ፣ ከዚያ ወዲህ መች ወጣችና። መስኮት ስር ተቀምጣ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ስታርም ትውላለች። «ይሄኛው ማርሽ አያውቅም፤ ያኛው ፍሬን ላይ ተኝቷል።» ሰሞኑን ደግሞ እሱንም ተወችው። ልጇ የሾፌር ወንበሯ ላይ ታነጥፈው የነበረውን ትራስ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወድቆ ሲያገኘው አንድ ነገር ገባው። እናቱ አጠገቡ ቁጭ እንዳለች ልትጠፋበት ነው። ትራሱን አራግፎ ደበቀው፤ ብዙም ሳይቆይ ለጌም የሚሆን መሪና ፔዳል ገዝቶ የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ከፈተላት።

አንድ ስክሪን ላይ ሞከረችና ወዲያው መሪውን ለቀቀች። «ስፖኪዮዬ የታለ? ግራና ቀኝ የሌለው መንገድ ምን መንገድ ይባላል? እኔ ዓይኔን ታስሬ አልነዳም።» ልጁም ሦስት ስክሪን ደረደረላት፤ አንዱን ፊት ለፊት፣ ሁለቱን እንደ መስኮት በግራና በቀኝ። ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው አሮጌ ካርዱ ግን ሦስቱን መሸከም አቃተው። መንገዱ እየተቆራረጠ፣ ዛፉ እየዘለለ፣ እናትየውን አጥወለወላት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ጌም ቤት የአውቶቡስ ውድድር አለው፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ከየቤቱ በኢንተርኔት ይገባል። ልጇ ስንት ለምኗት እሺ ብላለች። እሺታዋ ግን እንዲህ ነበር፦ «አንዴ ብቻ። እንደ ባለፈው የሚያጥወለውለኝ ከሆነ ሁለተኛ መሪ የሚባል ነገር እንዳታሳየኝ።» አንዴ ያለችው ነገር አንዴ ነው፤ ልጇ ያውቃታል።

«ቀዩ አንድ ስክሪን ላይ ነፋስ ነው» አለ ጠጋኙ፣ ሁለቱን ካርዶች በሁለት እጁ እየመዘነ። «ለሦስት ግን ሚሞሪው ይጠበዋል። ጥቁሩ ሦስቱንም እኩል ይስባል፤ ግን ወፍራም ነው፣ ኃይል ይበላል፣ ፓወር ሰፕላዩንም መቀየር ሊኖርብኝ ነው። በዚያ ላይ አዲሱ ሊመጣ ነው እየተባለ...»

«ለሦስት ስክሪን የትኛው ነው ታዲያ?» አለች ባለሱቋ።

«ጥቁሩ።»

«ትናንት መጥተህ ምን ነበር ያልከው?»

«ጥቁሩ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

ጠጋኙ የስልኩን መብራት መልሶ ካርዱ ላይ አበራ። እናቱ ከወንበሯ ሳትነሳ ወደ ባለሱቋ ዞረች።

«ተማሪ ሆኖ ፌርማታ ላይ ቆሞ አገኘው ነበር። እኔ ራሴ እየነዳሁ ስመጣለት ‹ከኋላ አዲሱ አውቶቡስ አለ› ብሎ በእጁ ያሳልፈኛል። አዲሱ ሲመጣ ሞልቶ ይመጣል። በእግሩ ሲያለከልክ ይሄዳል፣ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል። እናቱ ሾፌር ሆና የሚያረፍድ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ባለሱቋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ጠጋኙ አፈረ፤ አፍሮም ሳቀ።

«ቢሆንም እማ፣ ይሄ እኮ ያጠራቀምኩትን ሁሉ የሚወስድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? ብሳሳትስ?»

«አንተ እንኳን ልታፈስ ገና አልቀዳህም። ስለ ዕቃው እኔ ምን አውቄ፤ የምታውቀው አንተ ነህ። ብትሳሳትም ተሳስተህ ና። እኔ ከሰዓት በኋላ መንገድ አለብኝ።»

መንገድ አለብኝ። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማ ስንት ጊዜው። ልጅ ሆኖ ጠዋት ጠዋት፣ ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች የምትለው ነበር። ጠጋኙ ቀዩን ካርድ ወደ ባለሱቋ ገፋ አደረገው።

«ጥቁሩን ስጪኝ። ፓወር ሰፕላዩንም ጨምሪበት።»

ባለሱቋ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ቶሎ አሸገችለት። «ካልተስማማህ ሳምንቱ ሳያልቅ ከነካርቶኑ መልሰው፣ እቀይርልሃለሁ። ካርቶኑ ከተቀደደ ግን አላውቅህም።»

«በካርቶኑስ አትስጊ» አለች እናቱ ግድግዳውን ተደግፋ እየተነሳች። «እሱ ካርቶን ከሚቀድ እኔን ቢቀድ ይቀለዋል።»

ቤት ደርሰው ካርቶኑ እንደ ልማዱ ቁምሳጥን ላይ ወጣ፤ ካርዱ ግን የኮምፒውተሩ ኬዝ ውስጥ አልገባ አለ። በጣት ስፋት ረዘመ። ጠጋኙ የሰው ኬዝ ቢሆን አስቀድሞ ይለካው ነበር፤ የራሱ ሲሆን ስለ ፍጥነት ሲያነብ ከርሞ ርዝመቱን መለካት ዘነጋ። እጁ ወደ ካርቶኑ ሊሄድ ቃጣው። እናቱ ከኋላው ቆማ ታየዋለች። ሰዓቷን አየት አደረገች። እሱም ተመልሶ ተንበረከከና ኬዙ ውስጥ ቦታ የያዘውን ባዶ የዲስክ ማስቀመጫ ፈቶ አወጣው። ካርዱ ቀጭ ብሎ ገባ።

ሦስቱ ስክሪኖች ባንድ ጊዜ በሩ። መንገዱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጋ፤ አንድም ቦታ አይቆራረጥ፣ አንድም ዛፍ አይዘል። በግራ ስክሪን የግራው ስፖኪዮ፣ በቀኝ የቀኙ። እናቱ ከግራ እስከ ቀኝ አየችው። ልጇ የደበቀውን ትራስ አምጥቶ ወንበሩ ላይ ሲያነጥፈው ቀና ብላ እሱንም አየችው።

«ሌባ» አለችውና ተቀመጠች።

ጀማሪ አይደለችም፤ የአውቶቡስ ፍሬን ስትረግጥ የኖረች ናት። ገና ለሙከራ ስትረግጠው ፔዳሉ በለስላሳው ወለል ላይ ተንሸራቶ ከፊቷ ሸሸ። መልሰው አስጠጉት፣ መልሶ ሸሸ። ምንጣፍ አነጠፉለት፣ ከነምንጣፉ ሄደ። የጌም ቤቱ ባለቤት ደግሞ በኮምፒውተሩ ስፒከር «ተዘጋጁ» ማለት ጀምሯል። ምን ይደረግ፤ ጠጋኙ ጠረጴዛው ስር ገብቶ በደረቱ ተኛና ፔዳሉን በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው። ስንት ያነበበለት፣ ስንት የተጨነቀለት የሦስት ስክሪን ትዕይንት ከራሱ በላይ ቀረ። እሱ የሚታየው የእናቱ ጫማ ብቻ ነው።

«ሕጉን አትርሱ» አለ የጌም ቤቱ ባለቤት። «ቀድሞ መግባት ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪ የጎዳ ይወጣል።» ከዚያ ስም ጠራ። የሰፈሩ ሻምፒዮን ጥይት የሚሉት ወጣት ነው። «ሾፌሯ» ሲባል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«እማማ፣ ፍሬኑ የመሃለኛው ነው» አላት ጥይት።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለች እናቱ። ጠረጴዛው ስር ያለው ልጇ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ከኋላዋ ሆኖ ጥሩንባ ለሚያጮኽ ሾፌር የምትሰጠው መልስ ነው።

ሲነሱ መጨረሻ ነበረች። ጠጋኙ ከእግሯ አወቀው፤ ቀኟ ነዳጁን ቀስ አድርጎ ነው የተጫነው። «እማ፣ ጨምሪበት» ሊል አሰበና ተወው። እሷ የምትነዳ እሱ ተሳፋሪ፤ ተሳፋሪ ደግሞ ሾፌር አያናግርም። ከላይ ድምፅዋ ይሰማዋል፤ ለእሱም ለራሷም ለተሳፋሪዎቿም ነው የምታወራው። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የምትወርደው... እነዚህ ልጆች ማን ነው ያስተማራቸው... ይኸው፣ አንዱ ቦይ ገባ።»

ቁልቁለቱ ላይ ከፊቷ የነበሩት አንድ በአንድ ረገፉ። አንዱ ከድንጋይ ተጋጨ፣ አንዱ ተሳፋሪ ጥሎ ወጣ፣ ጥይት ራሱ ከአጥር ጋር ተላትሞ ወደ ኋላ ቀረ። የጌም ቤቱ ባለቤት «ሾፌሯ እየመራች ነው» ሲል የሳቀ ሰው አልነበረም። ጠጋኙ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል፤ ፔዳሉን ለቆ ሊጠርገው አልደፈረም።

«በግራዬ መጣ» አለች በድንገት።

ጥይት ነው። ጠባቡ ኩርባ ላይ ሊያልፋት ይሮጣል። አንድ ስክሪን ቢሆን ኖሮ ጎኗን ሲመታት ብቻ ነበር የምታውቀው። ቀኝ እግሯ ከነዳጁ ተነስቶ ፍሬኑ ላይ አረፈ፣ ለስለስ ብሎ፣ ጠበቅ ብሎ። ጠጋኙ ጥርሱን ነክሶ ፔዳሉን ያዘ። «እለፍ ልጄ፣ እለፍ፤ ከቸኮልክ እለፍ» አለች። ጥይት አለፈ። ኩርባውን ግን አላለፈውም።

«ጥይት ገደል ገባ» አለ ስፒከሩ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ «አንደኛ ሾፌሯ። አንድም ተሳፋሪ አልተነካም።» ከየቤቱ የጭብጨባ ድምፅ መጣ። ጥይትም «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ቀን ያስተምሩኛል» ሲል ተሰማ።

ጠጋኙ ከጠረጴዛው ስር ሲወጣ ጭንቅላቱን ገጨ፤ ግድም አልሰጠው። እናቱ አንገቷን ቀና፣ ትከሻዋን ሰፋ አድርጋ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳሳረፈች ነበር።

«መጨረሻ ፌርማታ» አለች። «ዕቃችሁን እንዳትረሱ።»

የልጇ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ይቺን ሴት ያውቃታል፤ ተመልሳለች። ሊያቅፋት ሲጠጋ እሷ ወደ ሥራዋ ዞራለች።

«የነገ ስምሪት ስንት ሰዓት ነው?»

«ነገ ውድድር የለም እማ።»

«ውድድር መች አልኩህ። እኔ ስለ መንገዴ ነው የምጠይቅህ። አንተም በየቀኑ እግሬ ስር ልትተኛ አይደለም፤ ለዚህ ፔዳል አንድ ነገር አብጅለት።»

ስልኩ ጮኸ። ባለሱቋ ናት። «የምሥራች» አለችው። «ስትጠብቀው የነበረው አዲሱ ካርድ ቀድሞ ገባ። ጥቁሩን ከነካርቶኑ ይዘህ ና፣ ልዩነቱን ትጨምርና እቀይርልሃለሁ። ሰው እያየው ነው፤ ብቻ ቆይማ እንዳትለኝ።»

ጠጋኙ ቁምሳጥኑን ቀና ብሎ አየ። የጥቁሩ ካርድ ካርቶን ከሁሉ በላይ ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ጭረት ያልነካው። ከዚያ እናቱን አየ። ስልኩን ጆሮውና ትከሻው መሃል ያዘና ካርቶኑን አወረደው፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ቢላዋ አወጣ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለች ባለሱቋ።

«ካርቶኑን እየቆረጥኩት ነው።»

አጣጥፎ፣ ደራርቦ፣ በፔዳሉና በግድግዳው መሃል ጠቀጠቀው። እናቱ ፍሬኑን ባላት ኃይል ረገጠችው። ንቅንቅ አላለም።