የመንገድ መሐንዲሱ ኩሽና

ጎረቤቴ ሌስተር ዕድሜውን ሙሉ እዚህ አውስትራሊያ፣ በቱዉምባ ከተማ ዙሪያ መንገድ ሲቀይስ የኖረ መሐንዲስ ነው። ጡረታ ወጥቶ የሚቀይሰው መንገድ ሲያጣ ዓይኑን የሚስቱ የጆይሊን ኩሽና ላይ ጣለ። በትዳር ዘመኑ እዚያ የሠራው ሥራ ቢኖር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ቢራ ማውጣት ነው፤ እሱንም አብዛኛውን ጊዜ የምታቀብለው ጆይሊን ናት።

ጆይሊን የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ሩቅ ፐርዝ ከተማ ስትሄድ ሌስተር አናጢዎች ጠራ። ኖሪን፣ የጆይሊን እህት፣ ወሬውን ሰምታ ከተፍ አለች። ኖሪን ምላሷ ምላጭ ነው።

«ሳትጠይቃት?» አለችው።

«ከተጠየቀች ምኑን ስጦታ ሆነ?»

«ለመሆኑ እንቁላል ጠብሰህ ታውቃለህ?»

«ድልድይ የሚሠራ ሰው የግድ ከብት መንዳት አለበት?» አለና ፕላኑን ዘረጋ።

ኩሽናው ሲያልቅ እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። መሀል ላይ ነጭ እብነ በረድ የለበሰ፣ አልጋ የሚያህል ጠረጴዛ ተገትሯል። ማቀዝቀዣው በአንድ ጫፍ፣ ምድጃው ከጎኑ ጥግ ላይ፣ ዕቃ ማጠቢያው ደግሞ ከማዶ። ከእነዚህ ወደ ማጠቢያው ለመድረስ ጠረጴዛውን መዞር ነው።

«ሌስ፣ ይሄ እኮ አደባባይ ነው» አልኩት።

«ሎርና፣ አንቺ ስለ ትራፊክ ፍሰት ምን ታውቂያለሽ?»

ከምድጃው በላይ ጭስ መሳቢያም የለውም። መስኮቱን ይጋርዳል ብሎ አስቀርቶታል።

ጆይሊን ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፤ ሻንጣዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ያምራል» አለች ቀስ ብላ። ሻይ ልታፈላ ስኒ ብትፈልግ መደርደሪያው የተሰቀለው በባሏ ቁመት ልክ ነው፤ «አውርድልኝ» አለችው። ማንቆርቆሪያውን የምትሰካበት ቦታ ብትፈልግ የቀረባት ሶኬት ሳሎን ሶፋው ጀርባ ተገኘ። ሻይዋን እዚያው ተንበርክካ አፈላች። አንዴ ፉት አለችና፣

«የዘንድሮን ገና አንተ ታበስላለህ» አለችው።

«እኔ?»

«ኩሽናው ያንተ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ።»

የገና ዕለት ፀሐዩ ከማለዳው አስፋልት ያቀልጥ ነበር። ሌስተር ሽርጥ ታጥቆ ገባ። የበጉን ጭን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ምድጃውን ሲከፍት ሁለቱ በሮች እንደ ኮርማ ቀንድ ለቀንድ ተጋጠሙ። አንዱ ካልተዘጋ ሌላው አይከፈትም። የታጠበውን ድንች ይዞ አደባባዩን ሲዞር ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሲመለስ በዚያው አንሸራተተውና የያዘው የቀይ ሥር ሰላጣ እብነ በረዱ ላይ ተገለበጠ። ቢጠርገው፣ በሳሙና ቢፈትገው፣ እድፉ አልለቅ አለ። ያን ጊዜ የበጉ ስብ ይጨስ ጀመር። የጭስ ማስጠንቀቂያው አበደ።

«የትራፊክ መብራት ይተከልልን!» ትጮሃለች ኖሪን ከበረንዳው።

እኔ መስኮት ልከፍት ገባሁ። ሌስተር ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ዓይኑን ያሻል። ጭሱ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ጆይሊን ደወሉን ነቅላ ጸጥ አሰኘችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ደስ እንዲልሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ግን ሌስ፣ ያን ሁሉ ዘመን እዚህ ቆሜ ሳበስል፣ አንድ ቀን ዞር ብለህ አይተኸኛል?»

ሌስተር ያን ሁሉ ዘመን ሲያይ የኖረው ጋዜጣውን ነበር፤ እኔም ምስክር ነኝ። የዚያን ቀን ምሳችን ሽሪምፕ የሚሉት ቀዝቃዛ የባሕር ምግብና ዳቦ ሆነ።

ከበዓሉ በኋላ ሌስተር ጥግ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ሚስቱ ስታበስል ያያት ጀመር። ድንቹን የት ትልጣለች፣ የጋለ ድስት አውጥታ በየት በኩል ትዞራለች፣ ልጣጩን የት ትጥላለች። ሳይጠይቃት አንዲት መሳቢያ አላስነቀለም። ጠረጴዛው በግማሽ ተቆረጠ፤ ማጠቢያውና ምድጃው ጎረቤት ሆኑ፤ ማቀዝቀዣው ከምድጃው ሸሸ፤ መደርደሪያው ወረደ፤ ሶኬቶች ተጨመሩ፤ ጭስ መሳቢያውም ተሰቀለ። አሁን በእውነት ኩሽና ሆነ።

እንዳለመታደል ሆኖ ግን ሌስተር በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብዙ ተምሯል። ዳቦ ይጋግራል፤ ሾርባ ይሠራል፤ መጥቶ የሚጠይቀውን ሁሉ ስለ ቢላ አያያዝ ያስተምራል። ጆይሊን ሽንኩርት ልትከትፍ ስትገባ «ቆይ ቆይ፣ እንደሱ አይደለም» እያለ ከእጇ ይቀማታል።

ባለፈው ሰኞ በጓሮ በር ገባችብኝ። የእኔ ኩሽና መሳቢያው በእግር ካልተመታ አይከፈትም፤ ቧንቧውም ያለቅሳል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እስቲ ሎርናዬ፣ የሚላጥ ድንች ካለሽ ስጪኝ» አለች። «እቤቴ ሌስ አላስነካ ብሎኛል።»